ጀግንነት ሲደራጅ ሕይወት ያድናል

የሰው ልጅ ታሪክ በመሠረቱ የሥራ ታሪክ ነው። ጫካውን መንጥሮ እርሻ ያደረገው፣ ድንጋዩን ፈልፍሎ ቤት ያቆመው፣ ወንዙን ገድቦ ብርሃን ያወጣው የሠራተኛው ሕዝብ ክንድ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ሥራ ባለበት ሁሉ አደጋ አለ። ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው አፈሩ ሊደረመስበት፣ ከማሽን ጋር የሚውል ላብ አደር ማሽኑ ሊይዘው፣ በተራራ ግርጌ የሚያርስ ገበሬ ተራራው ሊናድበት ይችላል። የሠራተኛው ሕዝብ እውነተኛ ባሕርይ ከምንጊዜውም በላይ ጎልቶ የሚታየውም በዚህች ቅጽበት ነው። የሥራ ባልደረባው ወይም ጎረቤቱ ከአፈር ሥር ሲገባ አካፋውን ይዞ የሚሮጠው ሰው ደመወዙን አያሰላም፣ ሹመት አይጠብቅም፣ የተቀበረው ሰው የማን ወገን እንደሆነ አይጠይቅም።

ይህ ጀግንነት መወደስ ይገባዋል፤ ሲወደስም ኖሯል። ዛሬ ልናነሣው የሚገባን ጥያቄ ግን ከውዳሴ አልፎ የሚሄድ ነው። ለወገኑ ሕይወት ራሱን የሚሰጠውን ሰው ኅብረተሰቡ በምን አዘጋጀው? ገመድ ሰጠውን? ከላይ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው አቆመለትን? ከወደቀ በኋላ የቤተሰቡን እጅ ያዘለትን? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በጠፋበት ቦታ ሁሉ ጀግንነት አንድን ሞት ሁለት፣ ሁለቱን አሥር የሚያደርግ ሆኖ ይገኛል። ይህን በመራራ መንገድ ያስተማረን በቅርባችን የደረሰ አደጋ ነው።

የጎዝዲ ትምህርት

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰውን አደጋ የማያስታውስ የለም። በከባድ ዝናብ የራሰው ተራራ ተንሸራቶ ጥቂት ቤተሰቦችን ቀበረ። ወሬው እንደተሰማ የአካባቢው ሕዝብ ከየአቅጣጫው ተጠራርቶ ደረሰ። የቀበሌው አስተዳዳሪ ደረሰ፤ መምህራን ደረሱ፤ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ደረሱ፤ ገበሬው አካፋና ዶማውን፣ አካፋ ያጣውም ባዶ እጁን ይዞ ደረሰ። ጭቃውን እየዛቁ ወገናቸውን ሲፈልጉ ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተናደ። ሊያድኑ የመጡት ራሳቸው ተቀበሩ። የሟቾቹ ቁጥር ከ200 በላይ ሆነ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በመላ አገሪቱ የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

ከሞቱት ውስጥ እጅግ የሚበዙት በመጀመሪያው ናዳ ሳይሆን በሁለተኛው፣ ያውም ለእርዳታ በቆሙበት መሬት ላይ ማለቃቸው ሊሰመርበት ይገባል። ከዚህ የበለጠ የወገን ፍቅር ማስረጃ አይኖርም። መንግሥት ያላዘዛቸው፣ አበል ያልተቆረጠላቸው ሰዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ በመቶዎች ተሰበሰቡ። ያንን ሕዝብ የጎደለው ድፍረት አልነበረም። የጎደለው ተራራውን ከላይ ቆሞ የሚመለከት አንድ ሰው፣ «ሁላችሁም ውጡ» ሲል ድምፁ የሚሰማና ትእዛዙ የሚከበር አንድ ኃላፊ፣ ቆፋሪው በየተራ እንዲገባ የሚያደርግ አንድ ሥርዓት ነበር።

ይህን ስንል በሟቾቹ ላይ ወቀሳ ለመሰንዘር አይደለም። ልጇ ከአፈር ሥር የምትጮኽባትን እናት «ቆይ፣ ታገሺ» ሊላት የሚደፍር ማነው? በዚያች ሰዓት እንዲህ ያለ ቃል የሚናገር ሰው ፈሪ ይባላል። ፈሪ ሳይባል ሊናገር የሚችለው ሥልጣኑ ከአደጋው በፊት፣ ሕዝቡ በሰላም በተሰበሰበበት ቀን በማኅበሩ የተሰጠው እንደሆነ ብቻ ነው። የጎዝዲ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። «ቁም» የሚለው ሰው አስቀድሞ ሊሰየም ይገባል።

ሁለተኛው አደጋ ሕግ አለው

አንዳንዶች እንዲህ ያለውን መከራ የዕድል ወይም የቁጣ ምልክት አድርገው ያዩታል። የሃዘንተኛን እምነት እናከብራለን፤ ሆኖም ተፈጥሮ የራሷ ሕግ እንዳላት መካድ አይቻልም። ተዳፋት መሬት ሲንሸራተት ከሥሩ ደግፎ የያዘው አፈር ይሄዳል፤ ከበላዩ ያለው ውኃ የጠገበ መሬት ደጋፊ ያጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ናዳ ብዙውን ጊዜ የሁለተኛው አዋጅ ነጋሪ ነው። በመሬት ላይ የሚታይ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍና አጥር፣ በድንገት የደፈረሰ ምንጭ የሚናገሩት ነገር አላቸው። የሚያነብባቸው ሰው ከተመደበ ሕይወት ይተርፋል።

በሥራ ቦታም እንዲሁ ነው። የውኃ ጉድጓድ ወይም የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚያጸዳ ሠራተኛ ከታች በመርዘኛ አየር ወይም በአየር እጥረት ሲወድቅ ጓደኛው ሊያወጣው ይወርዳል፤ እርሱም ይወድቃል፤ ሦስተኛውም ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ባወጣው ማስጠንቀቂያ በተዘጉና በጠበቡ የሥራ ቦታዎች ከሚሞቱት ሰዎች መካከል ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ሊያድኑ የገቡ መሆናቸውን ገልጿል። ይህ ቁጥር የአንድ አገር ብቻ ቢሆንም የሚናገረው እውነት ለሁሉም አገር ይሠራል። መርዘኛው አየር ጀግናና ፈሪ አይለይም። ኤሌክትሪክ የያዘውን ባልደረባ በእጁ የሚጎትት ሠራተኛም እንዲሁ ነው፤ ማብሪያና ማጥፊያው ሳይቆረጥ የሚዘረጋ እጅ የአደጋው ተጨማሪ ሽቦ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን በላይ እንደሚመዝን የሚያውቅ ሠራተኛ ድጋፍ ያልቆመለትን ቦይ በደረቱ ልክ እንኳ አይገባበትም።

ከዚህ አኳያ ሲታይ እውቀት የጀግንነት ተቃራኒ አይደለም። እውቀት የጀግንነት ጋሻ ነው።

የዓለም ሠራተኞች ያሳዩት ምሳሌ

በኅዳር 2016 ዓ.ም. በሰሜን ሕንድ ኡታራካንድ ግዛት ሲልክያራ በተባለ ቦታ የመንገድ ዋሻ ሲቆፍሩ የነበሩ 41 ሠራተኞች መውጫቸው ተደርምሶ 17 ቀን ከውስጥ ቀሩ። ከውጭ አገር የመጣው ግዙፍ መቆፈሪያ መጨረሻው ላይ ተሰበረ። በዚህ ጊዜ የተጠሩት የማዕድን ጉድጓድ በእጃቸው በመቆፈር የሚታወቁ 12 ድሆች ላብ አደሮች ነበሩ። በጠባቡ የብረት ቧንቧ ውስጥ እየተሳቡ፣ ተራ እየተቀያየሩ፣ የቀረውን ጥቂት ሜትር በትንሽ መሣሪያ ቆፍረው 41ዱንም በሕይወት አወጡ። ትርፍና ንቀት ዝቅ አድርጎ ያየው እጅ ማሽን ያቃተውን ፈጸመ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን እነዚህ ጀግኖች የሠሩት ጣሪያውን በያዘላቸው የብረት ቧንቧ ውስጥ፣ በተራ፣ ከኋላቸው አፈሩን የሚስብ ሰው ተመድቦላቸው ነው። ድፍረታቸው ሥርዓት ነበረው። ከ41ዱ አንድም ሰው ያልጎደለው በዚህ ምክንያት ነው።

በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ አፍሪካ ስቲልፎንቴን በሚባለው ስፍራ ባለቤቶቹ በተዉት የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ድሆች ነበሩ። አብዛኞቹ ከሞዛምቢክ፣ ከዚምባብዌና ከሌሴቶ ለእንጀራ የወጡ ስደተኞች ናቸው። ያለ ፈቃድ ወርቅ ቆፈሩ ተብለው ምግብና ውኃ እንዳይወርድላቸው ለወራት ተከልክሎ ነበር። በመጨረሻ በፍርድ ቤት ክርክር የማውጣቱ ሥራ እንዲጀመር ሲወሰን ባለሙያዎቹ ወደ ታች ለመውረድ አልፈቀዱም። የወረዱት ማንድላ ቻርልስና ምዝዋንዲሌ ምክዋዪ የተባሉ ሁለት የሠፈሩ ሰዎች ናቸው። በብረት ሣጥን ውስጥ ሆነው ወደ 2 ኪሎ ሜትር ጥልቀት በተደጋጋሚ እየተመላለሱ ሕያውንም ሬሳውንም አወጡ። 246 ሰዎች በሕይወት ወጡ፤ 78 ሬሳ ወጣ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የሠፈር ሰው ለሠፈር ሰው የመጨረሻው መከታ መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ጀግንነት የተጠየቀው ሌሎች ኃላፊነታቸውን ስላልተወጡ መሆኑን ነው። ጉድጓዱን በልተው ከጨረሱ በኋላ ሳይዘጉ ጥለውት የሄዱት ባለ ካፒታሎች ግዴታቸውን ፈጽመው ቢሆን፣ የተራበ ሰው ከሥር እያለ ምግብ ባይከለከል ኖሮ፣ ሁለቱ ሰዎች ወደዚያ ሲኦል መውረድ ባላስፈለጋቸው ነበር። ጀግናን ስናመሰግን ጀግንነቱን ግድ ያደረገውን ጥፋት መሸፈን የለብንም። ምስጋናው የጥፋተኛው መደበቂያ ከሆነ ጀግናውን ለሁለተኛ ጊዜ መቅበር ይሆናል።

በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ደላንታ ወረዳ ኦፓል ለማውጣት ዋሻ የገቡ ወጣቶች ዋሻው ተደርምሶባቸው ሕዝቡ በእጁ ሲቆፍር ሰነበተ። ድጋፍ ያልቆመለት ዋሻ፣ መዝገብ የሌለው ገቢና ወጪ፣ በአጠገቡ የማዳኛ መሣሪያ የሌለበት ሥራ፤ ውጤቱ ከመጀመሪያው የተጻፈ ያህል ነው።

ሁምቦ ምን ታስተምራለች?

በወላይታ ያለን ሰዎች ይህን ጉዳይ ከሩቅ የምናየው አይደለም። ወላይታ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል የሆነችበት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጎፋንም ወላይታንም ያቀፈ ነው። ከጎዝዲ አደጋ ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ፣ በዚያው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ የመሬት መንሸራተት ከ10 ያላነሱ ሰዎችን ገደለ። ከዚያም በፊት በግንቦት 2008 ዓ.ም. በዞኑ ጎርፍና ናዳ 40 ያህል ሰው ጨርሰዋል። ተራራው ደጋግሞ ተናግሯል።

ነገር ግን በዚሁ በወላይታ፣ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሁምቦ ሌላ ታሪክ ጽፋለች። የሁምቦ ተራራ ዛፉ ተቆርጦ አልቆ፣ ቁጥቋጦው ለማገዶና ለከሰል ሄዶ፣ አፈሩ በየክረምቱ ወደ ታች ሲወርድ የኖረ ተራራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የአካባቢው ገበሬዎች ከወርልድ ቪዥን ጋር በመሆን ከ2,700 ሄክታር በላይ የሆነውን ገላጣ መሬት ከለሉ። አብዛኛው ሥራ አዲስ ችግኝ መትከል እንኳ አልነበረም። በመሬት ውስጥ ሕይወቱ ያላለፈውን የተቆረጠ ጉቶ ጠብቆ፣ ቀንበጡን መርጦና ገርዞ እንደገና ዛፍ ማድረግ ነበር። ገበሬው በ7 የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጀ፤ መሬቱን የመጠቀም መብቱ ተረጋገጠለት፤ ከብት እንዳይገባ ራሱ ጠበቀ፤ ሣሩን ራሱ አጨደ። እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ሥራው በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት አሠራር ተመዘገበ። ደኑ ከአየር የሚስበው ካርቦን በዓለም ባንክ አማካይነት ተሽጦ ገንዘቡ ለማኅበራቱ ተመለሰ። በአፍሪካ ከነበሩት የዚህ ዓይነት ሰፋፊ ሥራዎች ግንባር ቀደም ሆነች ሁምቦ።

ይህ ከማዳን ጀግንነት ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖራል። እጅግ ያገናኘዋል። ጥልቅ ሥር ያለው ዛፍ አፈሩን ይይዛል፤ የዝናቡን ኃይል ይሰብራል፤ ጎርፉን ያዘገያል። ዛፍ ማንኛውንም ናዳ ያቆማል ማለት አይደለም፤ እጅግ በተዳፋ መሬትና በብዙ ዝናብ ደን የለበሰ ተራራም ሊናድ ይችላል። ሆኖም የተራቆተ ተራራ ነዋሪውን ለአደጋ አጋልጦ እንደሚተው አያከራክርም። በሁምቦ ተራራ ላይ ቀንበጥ ሲገርዝ የዋለው ገበሬ ስሙ በጋዜጣ የሚወጣበት፣ ደረቱ ላይ ኒሻን የሚንጠለጠልበት ሥራ አልሠራም። ማንንም ከጭቃ ውስጥ አልጎተተም። ይሁን እንጂ ጭቃው እንዳይመጣ የሠራው ሥራ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ከሚሠራው ያላነሰ የማዳን ሥራ ነው። አስቀድሞ የሚያድን ጀግና ድምፅ የለውም፤ ውጤቱም ያልደረሰ አደጋ ስለሆነ አይታይም። ኅብረተሰቡ ይህን የማይታይ ጀግንነት የማየት ንቃት ሊኖረው ይገባል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 13 የሠራተኛውን ግዴታዎች ሲዘረዝር፣ በሥራ ቦታ አደጋ ሲደርስ ወይም ሕይወትንና ንብረትን የሚያሰጋ ነገር ሲቃረብ ሠራተኛው የራሱን ደኅንነትና ጤና አደጋ ላይ ሳይጥል ተገቢውን እርዳታ እንዲሰጥ ይደነግጋል። «የራሱን ደኅንነት ሳይጥል» የሚለው ሐረግ በፈሪዎች የተጻፈ አይደለም። በየአገሩ በሞቱ አዳኞች ደም የተጻፈ ትምህርት ነው። ያው አዋጅ በአንቀጽ 92 አሠሪው ስለ ሥራው አደገኛነት ሠራተኛውን እንዲያስተምር፣ የአደጋ መከላከያ ልብስና መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ የደኅንነት ኮሚቴ እንዲያቋቁም፣ የደረሰውን አደጋ መዝግቦ ለሥራ ተቆጣጣሪ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ም ሠራተኛ ለሕይወቱ ከባድና ቅርብ አደጋ አለ ብሎ በበቂ ምክንያት ሲያምን ከሥራው ዞር ቢል እንዳይቀጣ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ሕግ አለ። ሕጉ በወረቀት ላይ ተኝቶ ሠራተኛው በጉድጓድ ውስጥ ከተኛ ግን የሕጉ መኖር ለማንም አይጠቅምም። የደኅንነት ኮሚቴ ስሙ ብቻ ያለበት፣ የራስ ቁር ጎብኚ ሲመጣ ብቻ ከመጋዘን የሚወጣበት የሥራ ቦታ ዛሬም አለ። አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚደረገው ስብሰባና ንግግር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ነው።

በሌላ በኩል አዋጁ በቅጥር ላይ የቆመ ስለሆነ ጎረቤቱን ለማዳን ጭቃ ውስጥ የገባውን ገበሬ፣ ጉልቷን ጥላ የሮጠችውን ነጋዴ፣ የቀን ሥራ ፈላጊውን ወጣት አይሸፍንም። እነዚህ ሰዎች ቢወድቁ ቤተሰባቸው የሚጠይቀው አሠሪ የለም። ይህ ክፍተት ሊሞላ የሚችለው በሕዝቡ በራሱ ድርጅት ነው።

ከማኅበራት የሚጠበቀው ተግባር

«ድሃ አገር ነን፤ መሣሪያ የለንም» የሚለው ምክንያት በከፊል እውነት ነው። ከባድ ማሽን በየቀበሌው ሊቆም አይችልም። ነገር ግን እጅግ ብዙ ሕይወት የሚያድነው ነገር ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ መስማማት የሚጠይቅ ነው። በመሆኑም የሠፈር ማኅበራት፣ እድሮች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የሠራተኛ ማኅበራት ከመጪው ክረምት በፊት በየስብሰባቸው ሊወስኑባቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ።

በመጀመሪያ፣ በአደጋ ጊዜ «ቁም» እና «ውጡ» የማለት ሥልጣን ያለው አንድ ሰውና አንድ ምትክ በስም ይመረጡ። ይህ ሰው የሹመት ሰው መሆን የለበትም፤ መሬቱን የሚያውቅ፣ የማይደናገጥ፣ ድምፁ የሚሰማ ይሁን። እርሱ ራሱ አይቆፍርም፤ ቆሞ ያያል። ከተራራው ወይም ከጉድጓዱ አፍ በላይም ሌላ ጠባቂ ይመደብ፤ የሚስማሙበት ምልክት፣ ፉጨትም ሆነ ጥሩንባ፣ አስቀድሞ በሁሉም ይታወቅ።

ቀጥሎ፣ የገባውና የወጣው ሰው ይቆጠር። ማን የት እንደሚኖር፣ በቤቱ ስንት ሰው እንዳለ የእድር መዝገብ ያውቃል። ይህ መዝገብ ከለቅሶ ቀን ይልቅ በማዳን ቀን ቢወጣ የት መቆፈር እንዳለበት ይናገራል። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይግባ፤ ጥቂቱ ይቆፍር፣ ሌላው ርቆ ተራውን ይጠብቅ። ገመድ፣ አካፋና መሰላል የት እንደሚቀመጥና ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ይታወቅ። አየሩ የማይታወቅ ጉድጓድ ውስጥ ገመድ ሳይታሰርበት፣ ከላይ የሚጎትቱት ሰዎች ሳይቆሙ ማንም እንዳይወርድ ይከልከል።

ከዚህም ሌላ፣ እድሮች በመተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ። ሌላውን ለማዳን ሲሞክር የሞተ ወይም አካሉ የጎደለ ሰው የወር መዋጮው ቢወዘፍም፣ አባል ባይሆንም እንኳ፣ ቤተሰቡ ሙሉ ድጋፍ ያግኝ። የልጆቹ ትምህርት የሠፈሩ ዕዳ ይሁን። እንዲህ ያለ አንቀጽ የሟቹን ክብር ከንግግር ወደ ተግባር ያሻግረዋል።

የሠራተኛ ማኅበራትም በበኩላቸው በኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ ከደመወዝ ጥያቄ ጎን የደኅንነት ኮሚቴውን ሕያውነት፣ የማዳን ልምምዱን፣ የመሣሪያውን ብቃት ጥያቄ አድርገው ያቅርቡ። አሠሪዎች ይህን እንደ ወጪ ማየታቸውን ሊያቆሙ ይገባል። የአንድ ገመድና የአንድ ድጋፍ እንጨት ዋጋ ከአንድ አባወራ ሕይወት ጋር በሚዛን ሊቀመጥ አይችልም። መንግሥትም ለናዳ የተጋለጡ ተዳፋት ቦታዎችን ለይቶ ማሳወቅ፣ ነዋሪውን በጊዜ ማንሣት፣ የሥራ ተቆጣጣሪዎችን ቁጥርና ሥልጣን ማጠናከር የማይታለፍ ግዴታው ነው። የሕዝቡ መደራጀት የመንግሥትን ግዴታ የሚተካ ሊሆን አይገባም፤ የሚደግፈውና የሚጠይቀው እንጂ።

በጎዝዲ የወደቁት መምህር፣ ገበሬ፣ የጤና ባለሙያና አስተዳዳሪ ለወገናቸው ያላቸውን ሁሉ ሰጥተዋል። ከእኛ የሚፈለገው ከእነርሱ የተሰጠውን ያህል አይደለም፤ አንድ ስብሰባ፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ገመድ፣ በተራራውም ላይ በየዓመቱ የሚጠበቅ ቀንበጥ ነው። የሁምቦ ገበሬ ገላጣውን ተራራ ተደራጅቶ መልሶ ማልበስ ከቻለ፣ የየሠፈሩና የየሥራው ቦታ ሰው የራሱን ጀግና ሳይሞትበት ማዳን የማይችልበት ምክንያት የለም። ክረምቱ ቀጠሮ አያፈርስም፤ ስብሰባው ከእርሱ ቀድሞ ይጠራ።